የዕለት ፎቶ በጎንደር፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሳይቋረጥ

የዕለት ፎቶ፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ ፎቶ ማንሳት፣ የሚቋረጠው የሚነሳ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የሚቋረጠው «ማታ አነሳለሁ» ማለት ሲጀመር ነው። ማታ ድካም አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቀኑ እንዳያልፍ ተብሎ በር ላይ የተቀመጠ ጫማ ይነሳል፤ በማግስቱም ያው ጫማ። ጫማው ሦስት ቀን ከተደጋገመ ፕሮጀክቱ አልቋል። ስለዚህ ካሜራና ሌንስ ከመምረጥ በፊት ቁርጥ መደረግ ያለበት ሰዓቱ ነው።

በዚህ በኩል ጎንደር ትመቻለች። ፀሐይ በሰኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ትወጣለች፣ በጥር አጋማሽ ደግሞ እስከ 12 ሰዓት ከ55 ትዘገያለች። የምትጠልቀው በኅዳር 12 ሰዓት አካባቢ፣ በሐምሌ መጀመሪያ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ አንድ ሰዓት መርጦ እስከ ጳጉሜን መዝለቅ ይቻላል። ጥሩው ብርሃን ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ጀንበር መጥለቂያ ነው። ፀሐይዋ እዚህ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ 3 ሰዓት ሲሆን የዓይን ጎድጓዳ መጥቆር፣ ጥላም መክረር ይጀምራል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱንም መያዝ ብዙ ሰው ሞክሮት ያቃተው ነገር ነው። የሚመረጠው ቀድሞውኑ መንገድ ላይ የሚሆኑበት ሰዓት ነው። ለሥራ ወይም ለትምህርት ከሚወጡበት 15 ደቂቃ ቀደም ይበሉ፦ 5 ደቂቃ ለማየት፣ 5 ደቂቃ ለማንሳት፣ 5 ደቂቃ ቆመው ለመምረጥና የቀረውን ለማጥፋት። ምርጫው ለማታ ከቆየ ማታ ይዞት ይሄዳል።

በክረምት ጠዋቱ ይሻላል፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሌላ ነገር ልብ ይበሉ። ከሚያዝያ 16 ገደማ እስከ ነሐሴ 12 ገደማ የቀትር ፀሐይ ጎንደር ላይ በስተሰሜን ትውላለች። በጋውን ሙሉ ጥላ ውስጥ የከረመ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ በእነዚህ ወራት ብርሃን ያገኛል። በታኅሣሥ ያዩት ግንብ በግንቦት ሌላ ግንብ ነው። በሁለቱ ጫፍ ቀኖች ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ደመና ካልከለከለ ያንን ማንሳት የዓመት ሁለት ጊዜ ዕድል ነው።

ደንቡ ትንሽ ይሁን

በቀን አንድ ፎቶ፣ በዓመቱ አንድ ሌንስ። በስልክ ከሆነ ዋናውን ሌንስ ብቻ ይጠቀሙ፤ በጣት እየጎተቱ ማቅረብ የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ነው፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። መቅረብ ከፈለጉ በእግር ይቅረቡ። የተለመደው ካሜራ ካለ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። «ዛሬ የትኛውን ልያዝ» የሚል ጥያቄ በራሱ ቀኑን ሊያስቀር ይችላል።

ሳምንቱን በቦታ ማከፋፈል ሐሳብ ያሳርፋል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ወጥ ቤቱ ይለያል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ይነሳል። ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ገበያ። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚመለስ ነጠላ ለባሽ መንገዱን ነጭ ያደርገዋል። የቀሩት ቀናት ለሠፈርና ለመንገድ ናቸው፤ ፒያሳም ሆነ ማራኪ ወይም አዘዞ፣ እግር የሚያደርስበት ይበቃል። ቦታው ሲደጋገም አይሰልች፤ ሃያ ጊዜ የታየ ጥግ በሃያ አንደኛው ቀን ሰው ወይም ውሻ ወይም ጥላ ይገባበታል። ይህን የሚያገኘው ደግሞ ተመላልሶ የቆመ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ግን ያለ ምንም ለውጥ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመው አንድ ነገር ያንሱ። ጃን ተከል ዋርካ ለዚህ ተስማሚ ነው፣ ከቤትዎ መስኮት የሚታይ ጣሪያም ይሆናል። «ያው ቦታ» በግምት አይገኝም። የቅርብ ነገር ጠርዝ ከሩቅ ነገር ጠርዝ ጋር የሚገጥምበትን ይፈልጉ፤ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶው ቀኝ ጠርዝ ከኋላው ካለው መስኮት ግራ ጠርዝ ጋር ሲነካካ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ ይለያያሉ፣ ስለዚህ እግርን የሚመልስ ምልክት ይሆናል። ከፍታውንም ይወስኑ፤ ካሜራው ደረት ላይ ወይም አጥር ላይ ተደግፎ። የመጀመሪያውን ፎቶ ስልኩ ውስጥ ይያዙና እያስተያዩ ያንሱ። 52ቱ በተርታ ሲታዩ አደይ አበባው መጥቶ ሲሄድ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ አቧራው ሰማዩን ወተት ሲያስመስለው ይታያል። ሁለት ሳምንት ከፍታው ከተዛባ ግን ሁሉም ይዘላል፤ ዓይን የሚያየው ዝላዩን እንጂ ለውጡን አይሆንም።

ጥቁር ድንጋይና ነጭ ነጠላ

ጎንደር ላይ ካሜራ የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። የፋሲል ግቢ ድንጋይ ቡናማ ወደ ጥቁር ያደላ ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፣ ድንጋዩ አመድ ይመስላል፣ ሰማዩም ይነጣል። ነጠላና ጋቢ የሞላበት ፍሬም ደግሞ «በዝቷል» ተብሎ ይጨልማል፤ ነጩ ይቆሽሻል፣ ፊትም ይጠቁራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለድንጋዩ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚወስደውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ይቀንሱ። ለነጠላው ከ0.7 እስከ 1 ይጨምሩ፤ ይህ ግን በጥላ ወይም በደመና ሲሆን ነው። ነጠላው ፀሐይ ላይ ከሆነ አይጨምሩ፤ የጥልፉና የሽመናው መስመር አንዴ ከነጣ በምንም ማስተካከያ አይመለስም። በስልክ፣ የሚፈለገውን ቦታ ነክተው ሁለት ሰከንድ ያህል ይጫኑ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጎተት ነው። ነጭ የለበሰ ሰው ሲሆን ፊቱን ይንኩ፣ ከዚያ ጥልፉ እስኪለይ ድረስ ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ሁለቱም አልሆን ካለ ሰውየውን በር ጥላ ውስጥ ማስገባት ከማንኛውም ማስተካከያ ይበልጣል።

ዝናብ የመታው ግንብ ደግሞ ለብቻው ነው። ድንጋዩ ሲረጥብ ይጠቁርና ይወለውላል፣ በበርና በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይም ጎልቶ ይወጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች ከየትኛውም የበጋ ቀን ይበልጣሉ።

ከተማዋን በሙሉ ለማየት ጎሃ ነው። ኮረብታው በስተሰሜን ስለሆነ ፊትዎ ወደ ደቡብ ይሆናል። በታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር እንኳ በደቡብ በኩል ስለምታጋድል ከፊት ለፊት ትመታና ከተማው ይደበዝዛል፤ በጠዋት ወይም ወደ ማታ ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ቆርቆሮ ለብቻው ይለያል። አየሩ እጅግ ጥርት የሚለው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው።

ገበያና መንገድ

ቅዳሜ ገበያ ላይ ትልቁ ችግር ሸራው ነው። በሰማያዊ ሸራ ሥር ያለ ሰው ፊት ሰማያዊ ይሆናል፣ በርበሬውም ሐምራዊ ይመስላል። ቀለሙን በኋላ አስተካክላለሁ ማለት ግማሹን ብቻ ያድናል፤ ሸራውን ያለፈው ብርሃን ቀይ ስለሚጎድለው የሌለውን መመለስ አይቻልም። ሻጩ ወደ ሸራው ጠርዝ ቀረብ ያለበትን፣ የሰማይ ብርሃን ከፊት የሚነካውን ይምረጡ። አለዚያ ያንን ቀን ጥቁርና ነጭ ያድርጉት፤ ለዕቃ ተሸካሚና ለቅርጫት ያምርበታል።

ለባጃጅ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/30 ሰከንድ ያውርዱ፣ ወገብዎን አዙረው ከባጃጁ እኩል ይሂዱ፣ ከተጫኑ በኋላም ማዞሩን አያቁሙ። ባጃጁ ጥርት ብሎ ከበስተኋላው ያለው ይሳባል። ከአሥር አንድ ቢሳካ ጥሩ ነው። የማይሳካው ብዙ ጊዜ አውራ ጣቱ ሲጫን እጅ ስለሚቆም ነው።

ሰው ሲነሳ ይጠየቃል። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»፣ «አባባ፣ ይፈቅዱልኛል?»፤ እኩያ ከሆነ «ወንድሜ፣ ላንሳህ?» ይበቃል። ነጠላዋን ወደ አፏ ከሳበች መልሱ ተሰጥቷል፤ አያግባቧት። ገበያ ላይ መጀመሪያ ይግዙ፣ ከዚያ ይጠይቁ፤ ሩብ ኪሎ በርበሬ የማይከፍተው በር ጥቂት ነው። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አያንሱ። ፎቶውን አሳትሜ አመጣለሁ ካሉ ያምጡ። አመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ፎቶ አንሺ ያስረግማል።

ወታደር፣ ኬላ፣ አየር ማረፊያ፣ የባንክ በር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ አይነሳም። ሰው ሲሯሯጥ ካሜራ ኪስ ይገባል። የዕለት ፎቶ ዜና አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቀን ከቤት ውስጥ የተነሳ ስኒ ሙሉ ፎቶ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መጀመሪያ አገልጋዮቹን ይጠይቁ፤ ቅዳሴ ላይ ካሜራ አይወጣም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ሲፈቀድ የሚነሱት ያለ ፍላሽ ነው፤ ፍላሹ መጥፋቱን ጫማ ሳያወልቁ ከደጅ ያረጋግጡ። ውስጡ ጨለም ስለሚል እጅ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን ስክሪኑን ወደ ታች አድርገው ምንጣፉ ላይ ያስተኙት፣ ሰዓት ቆጣሪውን 3 ሰከንድ ላይ ያድርጉ፣ እጅዎን ያንሱ። ጣሪያው ቀጥ ብሎ፣ ሳይደበዝዝ ይወጣል።

የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ውጪ ባዶ ነው፤ ያኔ የሚነሳው አጥሩን አቅፈው የያዙት የዛፍ ሥሮች ናቸው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል። ብዙ ሰው ጥር 11ን ብቻ ያስባል፤ ውሃው ሞልቶ ገና ሰው ያልነካው ጠዋት ግን ግንቡ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ የሚታይበት ነው። በበዓሉ ዕለት ውሃ ስለሚረጭ ስልኩን በላስቲክ ይሸፍኑ፣ ባትሪም ሞልተው ይውጡ፤ ያን ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ኔትወርክ ላይ አይተማመኑ።

ቤት

ቤት ውስጥ አንድ መስኮት ይምረጡና አምፖሉን ያጥፉ። የአምፖል ቢጫና የመስኮት ሰማያዊ ሲቀላቀሉ የሰው ፊት ግማሹ የታመመ ይመስላል።

ቡና ለዕለት ፎቶ የተፈጠረ ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ጊዜ ይሰጣል። ጭስና እንፋሎት የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣና ከጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ረከቦቱ በእርስዎና በመስኮቱ መካከል ይሁን፣ እርስዎ ግን ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበሉ፤ ከጭሱ በስተጀርባ መስኮቱ ራሱ ሳይሆን ጥላው ግድግዳ ይግባ። ሹተር 1/125፣ አይ ኤስ ኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 400 ጥሩ መነሻ ነው። ከ1/60 በታች ጭሱ ጉም ይሆናል። ለእንጀራ እንፋሎትም ያው ነው፤ አክንባሎው የሚነሳበትን ቅጽበት ጠብቀው ከመነሳቱ ግማሽ ሰከንድ ቀድመው መጫን ይጀምሩ። ሌንሱን ከምጣዱ ክንድ ያህል ያርቁ፤ እንፋሎቱ መስተዋቱ ላይ ካረፈ የሚቀጥሉት ሁሉ ይደበዝዛሉ፣ ሰውም ካሜራው ተበላሸ ይላል።

ማታ በአምፖል ሲነሳ ምስሉ ላይ ጥቁር አግድም መስመር ከመጣ ስልኩ አልተበላሸም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ርካሽ ኤል ኢ ዲ ላይ ይብሳል። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ካደረጉት መስመሩ ይጠፋል። 1/60 ወይም 1/250 ከሆነ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ወይም ፋኖስ አለ፤ 1/30፣ ክርን ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ። ፓወር ባንክ ላይ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍም ወደ ስልክ የሚደርሰው 6,000 ያህል ነው፤ 5,000 የሚይዝ ስልክን አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል እንጂ ሁለቴ አይሞላም።

ሌንስን በነጠላ ጫፍ መጥረግ ልማድ ነው። ቀኑን ሙሉ አቧራ የሰበሰበ ነጠላ ግን መስተዋቱን ይፈጫል። መጀመሪያ እፍ ይበሉ፣ ከዚያ ታጥቦ በደረቀ የጥጥ ጨርቅ። ክረምት ላይ ካሜራ በቆዳ ቦርሳ አይቀመጥ፤ ሻጋታው ከቆዳው ወደ ሌንሱ ይሻገራል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣህን፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሦስት አራት ጋር ይበቃል። ሩዝ አይጨምሩ፤ ዱቄቱ ይገባል። ዝናብ ላይ ለመውጣት ፌስታል፣ ለሌንሱ ቀዳዳ፣ አንድ ላስቲክ።

ፋይሉ

አንድ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 365ቱ ወደ 1.5 ጊጋባይት። ጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጠው፣ RAW የሚባለው) ከሆነ እያንዳንዱ 25 ያህል፣ ዓመቱ 9 ጊጋባይት። ማለትም የተመረጠው ብቻ ከተያዘ አንድ ባለ 16 ፍላሽ ይበቃል። የሚሞላው ያልተመረጠው ነው።

ስሙን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርገው በቁጥር ብቻ ይስጡ፦ 2018-05-11 ማለት ጥር 11 ነው። ወሩ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ይኑረው፣ አለዚያ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል። ጳጉሜን 13 ናት። የግዕዝ ፊደል በፋይል ስም ላይ አንዳንድ ፎቶ ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ሳጥን ሳጥን ይለውጠዋል፤ ማስታወሻውን ለብቻው በደብተር ይጻፉ፣ ቦታና ሰዓት በአንድ መስመር። ካሜራው ውስጥ የሚመዘገበው የፈረንጅ ቀን ነው፤ በዚያ ስሌት 2018-05-11 የዋለው ጃንዋሪ 19፣ 2026 ላይ ነው። ሰዓቱም 6 ይቀነስለታል።

ቅጂ ሁለት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ከቤት ውጪ፤ ወንድም ወይም እህት ቤት የተቀመጠ ፍላሽ ይሆናል። አዲስ ሚሞሪ ሲገዙ እስኪሞላ ፋይል ይጫኑበት፣ ከዚያ መልሰው ወደ ኮምፒውተር ይቅዱና የመጨረሻዎቹን ይክፈቱ። 64 ተብሎ የተጻፈበት አንዳንዱ 8 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው እንደገባ እያሳየ ይበላሻል፣ ይህም የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» ብለው ይላኩ፤ በተለመደው መንገድ ከላኩት ይጨምቀዋል፣ የተነሳበትንም ቀን ያጠፋዋል።

በየወሩ ሦስት አራቱን ያሳትሙ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ 1200 በ1800 ፒክስል ይፈልጋል። በአግድም የተነሳ የስልክ ፎቶ 4 ለ3፣ ወረቀቱ 3 ለ2 ስለሆነ ፎቶ ቤቱ ከቁመቱ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይቆርጣል፤ አናት ወይም እግር ይሄዳል። ወይ ራስዎ ቀድመው ይቁረጡት፣ ወይ ሲያነሱ ከላይና ከታች ቦታ ይተዉ።

ያለፈ ቀን አለፈ። በማግስቱ ሁለት አንስቶ አንዱን ለትናንት መስጠት ደብተሩን ያዋሻል፤ አንዴ ከዋሸ ደግሞ ማጠፍ ይለመዳል። ቀኑን ባዶ ይተዉት፣ «ታምሜ»፣ «ለቅሶ» ብለው ይጻፉ። ሁለት ቀን በተከታታይ እንዳይሆን ግን ይጠበቅ። ለዚህ ነው ደካማ ፎቶም የሚያዘው። ከነሐሴ መጨረሻ በፊት የትኛው ደካማ እንደሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ያኔ ያልወደዱት የግንቦት አቧራ ዛሬ ደህና ሊሆን ይችላል።

የጳጉሜን አምስቱን ቀን አዲስ ፎቶ በስልክ ብቻ አንስተው፣ ትርፉን ጊዜ ለማጣራት ያውሉት። በቀን ወደ ሰባ ፎቶ ቢያዩ ሁሉም ያልቃል። ያኔ ሁለቱንም ፍላሽ ይክፈቱ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ቁጥሩን ያስተያዩ፣ የማይከፈተውን ከሌላው ይቅዱ። ከዚያ የካሜራውን ሚሞሪ አጥፍተው ባትሪውን ቻርጅ ላይ ያድርጉት።